ነጭ ክር ያለው ጠርሙስ

ቪምላ ሰውን የምትጠላው በችሎታው ልክ ነበር። ሰነፍ መምህር የመጣ እንደሆነ ሻይ ታፈላለታለች፣ ታዝንለታለች፣ ፈተናውን ሳይቀር ታወጣለታለች። ጎበዝ የመጣ ዕለት ግን ምግብም አይበላላትም። ሎሳሊኒ ደግሞ ጎበዝ መሆኗን የማታውቅ ጎበዝ ነበረች። ይኼ ነው ቪምላን የፈጃት። ጉረኛ ብትሆን እኮ ማማት ይቻላል፤ ጉራ የሌለውን ሰው ምን ብለው ያሙታል?

ላምባሳ በምትባል የደሴት ከተማ ውስጥ ከስኳር ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኬሚስትሪ ያስተማረችው ቪምላ ናት። ግማሹ የከተማው ሰው የብረቶችን ቅደም ተከተል የለቀመው ከእሷ አፍ ነው። ማስመሪያዋን ጠረጴዛ ላይ እየመታች "ፖታሲየም! ሶዲየም! ካልሲየም!" ስትል፣ ከመንገድ ማዶ ሸንኮራ የሚጭኑት ሰዎች ሳይቀሩ "ማግኒዚየም! አሉሚኒየም!" ብለው ይቀበሏት ነበር። አንዳንዱ እኮ ስሙን መጻፍ አያውቅም፤ ዚንክ ከብረት በላይ እንደሚቆም ግን ያውቃል።

በየዓመቱ በኅዳር የሽልማት ቀን አለ። ያን ዕለት አሥራ ሦስተኛ ክፍሎች ከመሰናበታቸው በፊት አንድ ሳሉሳሉ ጎንጉነው ያመጣሉ። አንድ ብቻ! ያን የአበባ ጉንጉን ወላጅ ሁሉ እያየ ለመረጡት አንድ መምህር አንገቱ ላይ ያጠልቁለታል። ርዕሰ መምህሩም አያዝበትም፣ ማንም አይለምንበትም። ቪምላ አሥራ አንድ ዓመት በተከታታይ አጥልቃለች። የደረቁትን እንኳ አልጣለችም፤ ሳሎኗ ውስጥ ግድግዳው ላይ ተሰልፈዋል። ልጅ አልወለደችም። ባሏ ፋብሪካ ውስጥ ልቡ ቀጥ ብሎ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዘንድሮ ሃምሳ አምስት ሞልቷት ጡረታ ልትወጣ ነው፤ ስለዚህ አሥራ ሁለተኛው ጉንጉን የመጨረሻዋ ነው። ከዚህ ዓለም የቀራትን ምኞት ብትጠይቋት እሱን ነበር የምትነግራችሁ።

ታዲያ ዓመቱ ሲጀመር ርዕሰ መምህሩ ሙኔሽዋር ቢሮው ጠርቷት፣ አሥራ ሦስተኛ ክፍልን ለአዲሷ መምህርት እንድታስረክብ ነገራት።

"እርስዎ እያሉ ትልመድ ብዬ ነው፣ ማዳም" አላት አንገቱን እያሸ።

"እስክሞት መጠበቅ አቃታት?"

"ኧረ ጡረታ ነው የሚወጡት! ሞት ምን አመጣው?"

"ለእኔ አንድ ነው" ብላ በሩን ዘግታበት ወጣች።

ሎሳሊኒ ከታቬውኒ ደሴት የመጣች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ጎፈሬዋ በር አያሳልፋትም፣ ሳቋ ሦስት ክፍል አልፎ ይሰማል። ክፍል በገባች በመጀመሪያው ቀን "ብረቶችን አትሸምድዱ፣ አደባድቧቸው!" አለቻቸው አሉ። ከማዕበል የተረፈ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የዛገ ሚስማርና የመዳብ ሽቦ ይዛ መጣች። ሁሉንም በየብርጭቆው የተበረዘ አሲድ ውስጥ ጨመሩት። የቆርቆሮው ዚንክ እየፈላ አረፋውን ለቀቀ፣ ሚስማሩ ቀስ ብሎ ተንፏቀቀ፣ መዳቡ ደግሞ ምንም ሳይመስለው ተጋደመ። ልጆቹ እንደ ኳስ ተመልካች ጮኹ። ቪምላ ከጎረቤት ክፍል ሆና ጩኸቱን ሰማች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእሷ ክፍል ማንም ጮኾ አያውቅማ!

ከሁሉ የባሰባት የፕራኒታ ነገር ነው። ፕራኒታ የጎረቤቷ ልጅ ናት፤ ዳዴ ከምትልበት ጀምሮ አጥሩን አልፋ እሷ ቤት ያደገች። ትምህርት ቤት "ማዳም፣ እርስዎ" ትላታለች፣ ሰፈር ሲደርሱ "ማውሲ" ነው፣ አክስቴ እንደ ማለት። ኬሚስትሪ ያስወደደቻት ቪምላ ናት። አንድ ቀን ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለች።

"ማውሲ! ዛሬ የጨው ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሰደድንበት እኮ! በአንደኛው ጫፍ የመዋኛ ገንዳ ሽታ መጣ፣ ክሎሪን! በሌላኛው ሃይድሮጅን፤ ክብሪት ስናስጠጋው ጧ! አለ።"

"እኔም አስተምሬሻለሁ" አለች ቪምላ ያሰጣችውን ልብስ እየሰበሰበች። "ገጽ መቶ አራት።"

"አዎ" አለች ፕራኒታ ትንሽ አስባ። "ገጹ ግን አይሸትም ነበር።"

ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ያሰበችውን ነው የተናገረችው። ቪምላ ግን ያን ቀን የጋገረችውን የሮቲ ቂጣ ለውሻ ጣለችው።

ዓርብ ከሰዓት መምህራኑ እንደ ልማዳቸው የእንጨቱን ገበታ ከበው ያንጎና የሚባለውን የሥር መጠጥ ሲጠጡም የሚያወሩት ስለ ሎሳሊኒ ሆነ። የእንጨት ሥራ መምህሩ ኢላይቲያ የኮኮናት ቅሉን ጨልጦ ሦስት ጊዜ አጨበጨበና ቪምላን ጎሸም አደረጋት።

"ማዳም፣ ዘንድሮ ጉንጉኑን አስፍተው መሥራት አለባቸው አሉ።"

"ለምን?"

"በጎፈሬው በኩል እንዲያልፍ ነዋ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሎሳሊኒ ራሷ ከሁሉ በላይ ሳቀች፤ ፀጉሯን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ "ይኸው፣ ያልፋል!" አለች። ቪምላም ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ጥርሷን አላለፈም።

"አንተ እንጨትህን ጥረብ" አለችው ኢላይቲያን።

አንድ ነገር ግን ቀርቷት ነበር፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ። ኬሚካሉ ሁሉ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ከእሷ በቀር ማንም አይገባባትም። ዓመቱን ሙሉ ሎሳሊኒ የሚያስፈልጋትን በወረቀት ጽፋ ትሰጣለች፣ ቪምላ በትንሽ በትንሽ ጠርሙስ ቀድታ ታቀብላታለች። "እኔ ባልኖር ምን ይውጣት ነበር?" እያለች በዚያች ትጽናናለች። በሽልማቱ ሳምንት ሰኞ ግን ሙኔሽዋር "ማዳም፣ ቁልፉንም እንግዲህ" አላት።

የላምባሳን ዝናብ ጠርሙስ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይችለውም። የጠርሙሱን ሙጫ በረሮ ይበላዋል፣ ጽሑፉን የአሲድ ትነት ያጠፋዋል። ስለዚህ ቪምላ ከዘመናት በፊት የራሷን ዘዴ አበጅታለች፤ በየጠርሙሱ አንገት ላይ የሱፍ ክር ማሰር። በእሷ ወገን ልማድ ነጭ የሚለበሰው ሬሳ ወጥቶ ሲቃጠል ነው፣ መበለት የምትለብሰው ነው፤ ቀይ የሙሽራ ነው፣ የደስታ ነው። እናም ያልተበረዘው ሰልፈሪክ አሲድ፣ ያ ሥጋ የሚበላው፣ ነጭ ክር ታሰረለት። በውሃ የተበረዘው ቀይ። ዘዴው ለእሷ ከፀሐይ የጠራ ነው፤ ለሌላ ሰው ነግራው ግን አታውቅም።

ሎሳሊኒ ቁልፉን ተቀብላ መደርደሪያውን ቃኘች። "ማዳም፣ ዝርዝር የሚባል ነገር አለ?"

"ዲግሪ ያለሽ አንቺ ነሽ። ታውቂዋለሽ።"

ሎሳሊኒ ሳቀች። ሁለቱን ትላልቅ ጠርሙሶች እያየች "እሺ፣ ልገምት" አለች። "ቀዩ አደገኛው ነው፣ ነጩ ደህናው። አይደል?"

ቪምላ መሳቢያውን ስትዘጋ ነበር። መሳቢያው ደግሞ አልዘጋ አላት፤ ወይም እንዳይዘጋ አደረገችው። መልስ አልሰጠችም። ሎሳሊኒም ዝምታውን እንደ "አዎ" ወሰደችው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ቪምላ ወደ ቤቷ ስትሄድ ለራሷ ምክንያት ደረደረች፤ "ጠየቀችኝ እንዴ? ገመተች እንጂ! ዲግሪዋ ይንገራት። ግድ የለም፣ ነገ እነግራታለሁ።" ማክሰኞ ሆነ። ማክሰኞ ዕለት ሎሳሊኒ ከልጆቹ ጋር ስትስቅ አገኘቻትና አልነገረቻትም።

ለዓርቡ የሽልማት በዓል ሎሳሊኒ ያሰበችው ጉድ ነው። ወላጆቹ አብዛኞቹ ሸንኮራ ቆራጮች ናቸው። በፊታቸው አንድ አሮጌ የሸንኮራ ቢላ በኤሌክትሮሊሲስ መዳብ ልታለብስ፣ ከወላጆች መሃል በዕድሜ ለሚበልጠው ቆራጭ በስጦታ ልትሰጥ! ቪምላ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ "ምነው እኔ ባሰብኩት!" አለች፤ ቀጥላ "ብረት ላይ በቀጥታ የተለበጠ መዳብ በጨርቅ ሲያሹት ይላጣል፤ ይላጥባት!" አለች። እንዲህ ብላ ትንሽ ቀለላት።

ረቡዕ ጠዋት ልምምድ ነበር። መዳቡ ከመለበጡ በፊት የቢላው ዝገት በአሲድ መታጠብ አለበት። ቪምላ በበረንዳው ስታልፍ ከቤተ ሙከራው ሳቅ ሰማችና በመስኮቱ ተደራራቢ መስታወቶች መሃል አጮለቀች። ሎሳሊኒ ጀርባዋን ሰጥታ ባትሪውን ከሽቦ ጋር ታያይዛለች። ፕራኒታ መነጽሯን አድርጋ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ከፊቷ ሰፊ የመስታወት ሳህን አለ፤ ሳህኑ ውስጥ እንደ ዘይት የወፈረ ነገር ተገልብጧል። ጎኑ ላይ ባዶው ጠርሙስ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ነጭ ክር። ፕራኒታ እጇ ላይ በማንቆርቆሪያ ውሃ ይዛለች።

"ትንሽ ውሃ ጨምሪበትና አቅጥኚው፣ ቢላው እንዳይጎዳ" አለች ሎሳሊኒ ሳትዞር።

አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ይህን ላምባሳ ውስጥ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ያስተማረቻቸው ራሷ ቪምላ ናት። ግን ሁለቱም ሳህኑ ውስጥ ያለው የተበረዘው መስሏቸዋል። የተበረዘ ላይ ውሃ ቢጨመር ምን ይሆናል? ምንም።

ቪምላ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየችው። ክሩን አየች፣ ሳህኑን አየች፣ ማንቆርቆሪያው ማዘንበል መጀመሩን አየች። ያኔ ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ተናገረ። "ትንሽ ይንጣጣባት" አለ። "ትንሽ ብቻ። ጎበዝ አይደለችም? ሁሉም ይያት።" አንድ ትንፋሽ ቆመች። ምናልባትም ሁለት።

ከዚያ "ፕራኒታ! ውሃውን ተዪ!" ብላ ጮኸች።

ዘገየች። ልጅቷ ደንግጣ ዘለለች፣ ውሃው ተደፋ። ሳህኑ እንደ ጋለ ዘይት ተንጨረጨረ። ሎሳሊኒ በጩኸቱ ዞራ ልጅቷን በአንድ እጇ ወደ ኋላ ስትወረውራት የፈነጠረው አሲድ ክንዷ ላይ አረፈ፣ ከክርኗ እስከ አንጓዋ።

ቪምላ እንዴት እንደገባች አታስታውስም። ሎሳሊኒን ጎትታ ክንዷን ቧንቧ ሥር አደረገች፣ እጅጌዋን በመቀስ ቀደደች፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ውሃው እንዳይቋረጥ ያዘቻት። ሎሳሊኒ ጥርሷን ነክሳ "ልጅቷስ? ልጅቷ ደህና ናት?" ብቻ ነበር የምትለው። ፕራኒታ ጭረት እንኳ አልነካትም፤ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

ከክሊኒክ ሲመለሱ ሙኔሽዋር ሁለቱን ቢሮ አስገባቸው። ፊቱ ደም መስሏል።

"የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ያልተበረዘ አሲድ! ለእናቷ ምን ልበላት? ማነው ጠርሙሱን ያሳሳተው? ጠርሙሶቹን በየስማቸው ተረካክባችኋል ወይስ አልተረካከባችሁም?"

ቪምላ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች።

"ማዳም ነግረውኛል" አለች ሎሳሊኒ። ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ተጋድሟል። "ነጭ ክር ያለው ያልተበረዘው ነው ብለው በደንብ ነግረውኛል። ያምታታሁት እኔ ነኝ።"

ሙኔሽዋር ማስጠንቀቂያ እንደሚጽፍባት፣ የዓርቡ ትርኢትም እንደተሰረዘ ነገራት። ቪምላን ደግሞ "እርስዎ ባይደርሱ ምን ይውጠን ነበር!" ብሎ እጇን ጨበጠ። ሎሳሊኒ አንገቷን ደፍታ "ልክ ነው" አለች።

ኮሪደሩ ላይ ቪምላ ጎትታ አቆመቻት።

"ለምን ዋሸሽ?"

"ቧንቧ ሥር ሆኜ ነው የገባኝ" አለች ሎሳሊኒ ቀስ ብላ። "የፕራኒታ አያት ነጭ ነው የሚለብሱት፣ ከባላቸው ሞት ወዲህ። እኔ ደግሞ ቀይ ያየሁበት ሁሉ አደጋ ይመስለኛል። ማሰብ ነበረብኝ።"

"ያንን አይደለም የጠየቅሁሽ!"

"ማዳም፣ እኔ ስሜን የማጸዳበት ሠላሳ ዓመት አለኝ። እርስዎ ዓርብ ብቻ ነው ያለዎት።" ትከሻዋን ነካ አድርጋት ሄደች። "በእኛ መንደር ትልቅ ሰው በሰው ፊት አይዋረድም።"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ተንበርክኮ ያለቅስ ነበር። ቪምላ ግን ነደደች። ኧረ እንዴት አባቷ! በማስተማር በለጠችኝ፣ እሺ። በሳቅ በለጠችኝ፣ እሺ። ልጄን ወሰደችብኝ፣ እሺ። አሁን ደግሞ በደግነትም ልትበልጠኝ? ሁለት ቀን ሙሉ አልበላችም። ሰው ሁሉ "ጀግናዋ ማዳም!" እያለ ሲያቅፋት፣ የሎሳሊኒ ፋሻ ዓይኗ ላይ እየመጣ "ይሄንንም እሷ ወሰደችው" ትላለች። በቃጠሎ የምትቀና ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው።

ዓርብ ደረሰ። ዳሱ ተሞልቷል፣ ከፋብሪካው የሚመጣው የቀለጠ ስኳር ሽታ አየሩን አክብዶታል። ሽልማቱ ተሰጥቶ ሲያልቅ አሥራ ሦስተኛ ክፍሎች ተነሡ። ሳሉሳሉውን የያዘችው ፕራኒታ ናት። ሎሳሊኒ የተቀመጠችበትን ረድፍ አለፈችና መድረኩ ላይ ወጥታ ጉንጉኑን ቪምላ አንገት ላይ አጠለቀችው።

"ሕይወቴን ላተረፉልኝ" አለች በድምፅ ማጉያው።

ዳሱ በጭብጨባ ተናጋ። አሥራ ሁለተኛው! ቪምላ ግን የምታየው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሎሳሊኒ አንድ እጇ በፋሻ ስለታሰረ በደህናው እጇ ጭኗን እየመታች ታጨበጭባለች። እያስመሰለች ቢሆን ምን ነበር! ፊቷ እስከ ጆሮዋ ይስቃል፣ ከልቧ። ቅር እንኳ አላላትም! ቪምላ ይህን አልቻለችም። ጽድቅ ገፋፋት ብዬ አልዋሻችሁም፤ ያስነሣት ያው የፈረደበት ቅናቷ ነው።

ድምፅ ማጉያውን ነጠቀችና "ቁጭ በሉ!" አለች፤ ዳሱ እንደ ክፍል ተማሪ ቁጭ አለ። "የክሩን ነገር ለዚህች ልጅ አልነገርኳትም። ተሳስታ ስትገምት ሰምቼ ዝም አልኩ፣ እያወቅሁ። ነግረውኛል ብላ የዋሸችው ለእኔ ስትል ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚጻፍ ከሆነ በእኔ ስም ይጻፍ።"

ከኋላ ከሸንኮራ ቆራጮቹ አንዱ "ሰው ማለት እንዲህ ነው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዳሱ ከመጀመሪያው በባሰ ጭብጨባ ፈነዳ። እናቶች ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ኢላይቲያ ቆሞ አፏጨ። ቪምላ ደረቷ ተነፋ። እኩል ሆንን አለች በልቧ። እንዲያውም በለጥኳት።

ፕራኒታ ግን ከአጠገቧ አልተንቀሳቀሰችም። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሷ ቪምላን ታያለች፣ ሒሳብ የጠፋበት ሰው እንደሚያይ። ጠጋ አለችና ከቪምላ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ተናገረች።

"ማውሲ። ረቡዕ ዕለት ከመጮህሽ በፊት ቀና ስል መስኮቱ ላይ ነበርሽ። ሥራዬን እያየሽልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ክሩን አይተሽው ነበር?"

ጭብጨባው አላቆመም። ማንም አልሰማም፤ መቼም አይሰማም። አላየሁም ማለት ይቻላል፤ ልጅቷም እንድትላት እየለመነቻት ነው፣ ፊቷ ያስታውቃል። ከሎሳሊኒ ጋር የሚወዳደሩበት ነገር እዚህ የለም። ለዚህ ማንም አያጨበጭብም።

"አይቼው ነበር" አለች ቪምላ።

ፕራኒታ ራሷን ነቀነቀች። ጉንጉኑንም አልነካችም፣ አላለቀሰችም። ከመድረኩ ወርዳ ወላጆቿ ወደተቀመጡበት ሄደችና ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።